ላሟ ዞራ ያለፈችው ቦታ

ሰው ሙት አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁርሱን በልቶ እንደሆነ ነው፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራል፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ላይ እንኳ አንዷ ሕልሟን ማስረዘም ስትጀምር፣ "እቴ፣ አሳጥሪው፣ ሌላም ሰው ተራ ይጠብቃል" የምላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፣ ያየሁትን አየሁ ለማለት ነው፣ ያላየሁትን አልጨምርም።

ነገሩ የመጣው በመነጽር ነው። የልጅ ልጄ ቤቲ ቦዲቲ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ በእረፍቷ ቀን ወደ ሶዶ መጥታ ዳሞታ ተራራ ላይ አውሬና ወፍ ማየት ትወዳለች፣ ቤቴ ከከተማው በላይ ተራራው ወገብ ላይ ስለሆነ እኔም አብሬያት እወጣለሁ። እግሬ ገና ጠንካራ ነው፣ ግራ ዐይኔን ግን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፣ በሁለት ዐይን የሚታይበትን ትልቁን መነጽሯን ስትሰጠኝ ግማሹ ጨለማ ይሆንብኝ ነበር። ይህን አይታ በአንድ ዐይን ብቻ የሚታይበት፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መነጽር አመጣችልኝ፣ እኔም ስሙን አንዳይናው አልኩት፣ "እንዳንቺው ነው፣ አያቴ" አለች ባለጌዋ፣ ተሳሳቅን።

አያያዙን ያስተማረችኝ እንደ ተማሪዎቿ ነው። "መጀመሪያ በባዶ ዐይንሽ አግኚው፣ ከዚያ ዐይንሽን ሳትነቅዪ መነጽሩን አምጪው፣ ክርንሽን ዛፍ አስደግፊ፣ ብዥታው እስኪጠራ ቀለበቱን ቀስ ብለሽ አዙሪ።" እንዲህ እያደረግሁ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አየሁ፣ ጭልፊት አይጥ ይዛ ስትበላ አየሁ፣ እመኑኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዓለም እንደገና የተከፈተችልኝ ያህል ነበር።

በዚያ ሰሞን ጎረቤቴ አስቴር ጭንቅ ላይ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከሌላ እናት የሚወለደው ወንድሙ ሎሃ ከበዴሳ መጥቶ፣ ከቤቷ በላይ ያለው የሣር መሬት የኔ ነው አለ፣ ያ መሬት ከሄደ ደግሞ ለእሷና ለልጆቿ የሚተርፋቸው የቤታቸው ዙሪያ ብቻ ነው። ሎሃ፣ "ይህ ከጥንት የእናቴ ግጦሽ ነው፣ እንሰት ተተክሎበት አያውቅም" ይላል፣ ላሙንም ወስዶ እዚያ አሰማርቷል። አስቴር ደግሞ፣ "አማቴ እማማ አማረች እንሰቷን እዚያ ነበር የምትፍቀው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበር ቆጮ እንዲሆን የምትቀብረው፣ ባሌ ነግሮኛል" ትላለች። ሴት የፋቀችውን እንሰት በሰው መሬት አትቀብርም፣ ይህን በኛ አገር የማያውቅ የለም፣ ስለዚህ ጉድጓዱ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፣ ግን የት ነው? መሬቱ ሰፊ ነው፣ ሣር ውጦታል፣ አማረች ከሞተች ቆይታለች። እኔም ከባሌ ጋር እዚህ ስገባ እሷ አርጅታ ነበር፣ ደጇ ላይ ትንሽ ትንሽ ስትፍቅ ብቻ ነው ያየኋት፤ ቀኝ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት፣ ሌላዋ ሴት በቀኝ እግሯ መፋቂያው ሳንቃ ላይ የምትይዘውን እንሰት እሷ ግራ እግሯን ሰቅላ ትይዝ ነበር፣ እንደሷ የሚፍቅ ሌላ ሰው አላየሁም።

ሽማግሌዎች እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሊቀመጡ ቀን ቆረጡ። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ቤቲ ተራራ ወጣን።

ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች፣ አየሩ ጥርት ያለ። ጉሬዛዎቹ ስላልመጡ ወደ ታች ወደ መንደራችን ዞርኩ፣ በባዶ ዐይኔ የአስቴርን ቆርቆሮ፣ ከበላዩ ሣሩን፣ ሣሩ ላይ የሎሃን ቀይ ላም አገኘሁ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ዐይኔን ሳልነቅል አንዳይናውን አነሳሁ፣ ቀለበቱን አዞርኩ፣ ሲጠራ ሣሩ መሃል ካለው የምስጥ ኩይሳ በታች አንዲት ሴት ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች። ግራ እግሯ ተሰቅሏል።

መነጽሩን አወረድኩ፣ ሣርና ላም። በነጠላዬ ጠርጌ እንደገና አነሳሁ፣ ሴትዮዋ አለች፣ እጇ ይወጣል ይወርዳል፣ ከዚያም ድምፁ መጣ፣ የቀርከሃው መፋቂያ እንሰቱን ሲልጥ የሚሰማው ያ ሻካራ ድምፅ፣ ከታች አይደለም፣ ከጆሮዬ አጠገብ። ላሟ እየጋጠች ወደ ሴትዮዋ ቀረበች፣ ቀና አለች፣ ከዚያ ሰው እንዳለበት ቦታ ዞራ አለፈች። ሴትዮዋ እጇን አቆመች፣ አንገቷን አቀናች፣ ያን ሁሉ ርቀት አቋርጣ በቀጥታ እኔን አየችኝ።

"ቤቲ፣ እስኪ እዪ" ብዬ መነጽሩን ሰጠኋት።

ብዙ ቆየች። "ምኑን ነው የማየው?"

"ያለውን ንገሪኝ።"

"ላም አለች" አለች፣ ከዚያ ቀለበቱን እያዞረች፣ "አያቴ፣ ይቺ ላም ምኑን ነው የምትዞረው?"

መነጽሩን ተቀብዬ አንገቴ ላይ መለስኩት።

እሁድ ከሰዓት አስቴር ደጅ፣ አቮካዶው ጥላ ስር ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹን የሚመራው አቶ ጦና ነበር፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ተራ በተራ ስለ ጉድጓዱ ይናገራሉ፣ አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኩ። "ከናንተ ውስጥ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ቦታው ድረስ ሄዶ ያየ ማነው?"

እርስ በርስ ተያዩ። በኛ ዘንድ ወንድ እዚያ አይደርስም፣ ነውር ነው፣ ያየም ቢኖር አይናገርም።

"እንግዲያ የማታውቁትን ነው የምትከራከሩት" አልኩ፣ በር ላይ ቆመው የሚሰሙት ሴቶች ሲስቁ ተሰማ።

ሎሃ፣ "እማማ፣ በኛ መሬት እርስዎን ምን አገባዎት?" አለ።

"አንተ ብትበደልም ይህንኑ እናገር ነበር። ቦታውን አውቀዋለሁ።"

"ማን አሳየሽ?" አለ አቶ ጦና።

"አማረች።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ሊያልፈው ነበር፣ በሕይወት ሳለች መስሎታል። ዝም ብል አስቴር እዚያው ታሸንፍ ነበር፣ ግን ለሎሃ ፍትሕ አይሆንም፣ ምስክር መቼ እንዳየ መጠየቅ አለበት።

"ጦና፣ መቼ ብለህ ጠይቀኝ እንጂ።"

"እሺ፣ መቼ?"

"ትናንት ጠዋት።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ ሎሃ ሳቀ፣ ጭኑን እየመታ ሳቀ፣ "በቃ፣ ይቆፈር" አለ፣ "አንድ ቦታ ብቻ፣ እማማ ባሉት። ባዶ ከሆነ መሬቱ የኔ ነው፣ አስቴርም ከእንግዲህ አትናገርም።"

አስቴር እጄን ያዘች። "እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ያየሁትን አይቻለሁ" አልኳት፣ ልቤ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቦታ አልቆመም፣ የልጆቿን መሬት በአንድ ዐይኔ አስይዤባታለሁ።

ከኩይሳው በታች ላሟ የዞረችበትን በእግሬ አሳየሁ። ሁለት ጎልማሶች ዶማ ይዘው ጀመሩ፣ ቀይ አፈር ብቻ ነበር፣ ሎሃ እጁን አጣምሮ ፈገግ ይላል። እስከ ጉልበት ሲወርዱ አፈሩ ጠቆረ፣ ዶማው ድንጋይ ነካ፣ ቀጥሎ ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በእንሰት ጉድጓድ ላይ የሚጫን ዓይነት። ድንጋዩን ሲያነሱት ሽታው ወጣ። የዚያን ያህል ዓመት ተቀብሮ ሽታ ሊኖረው አይገባም፣ እኔ በእንሰት አድጌያለሁ፣ አውቃለሁ፤ ያ ግን ትናንት የተከደነ እንሰት ሽታ ነበር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግን ከጥቁር አፈር በቀር ምንም አልተገኘም።

ሎሃ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ፈገግታው ጠፍቷል። "የእንሰት ነው" አለ ራሱ፣ ለዚህ አከብረዋለሁ፣ በማግስቱ ላሙን ነድቶ ወደ በዴሳ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቲ ስትመጣ እንደገና ወጣን፣ ጉሬዛዎቹ መጥተው ነበር፣ ግልገላቸው ነጭ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ሳይ ቆየሁ፣ ለመመለስ ስንነሳ ግን እንዲያው የራሴን ቤት ልይ ብዬ አንዳይናውን አነሳሁ። አማረች በአጥሬ ውስጥ ተቀምጣለች፣ እኔን ከአስቴር ከሚለየኝ አጥር ወዲህ፣ ፍሬያቸውን ሸጬ የምኖርባቸው አቮካዶዎች መካከል፣ ግራ እግሯን ሰቅላ ትፍቃለች፣ ቀና ብላም አላየችኝ፣ እንደማውቅ ታውቃለች።

አጥሩን ያጠረው የባሌ አባት ነው። በማን መሬት ላይ እንዳጠረው አልጠየቅሁም፣ የሚጠየቅም በሕይወት የለም። ለቤቲ አልነገርኳትም፣ አስቴርም አታውቅም፣ በየጠዋቱ ሣር አጭዳ ለላሜ ታመጣልኛለች፣ "እማማ፣ ውለታዎ" ትለኛለች፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። የሰው መሬት በአንድ ቃሌ ያስቆፈርኩ ሰው የራሴን ሳላስቆፍር ልተው? ዓይነ ስውር ነኝ ልበል?

መነጽሩን ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ምናልባት ነገሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው ብዬ። ዶማውን ከጓዳ አውጥቼ አጥሩ ላይ አስደግፌዋለሁ፣ እንደቆመ ነው። ዛሬ ጠዋት ላሜን ስፈታት እየጋጠች ወደ አቮካዶዎቹ ሄደች፣ እዚያ ስትደርስ ቀና አለች፣ ከዚያ ዞራ አለፈች።