የኦሊቃ ኪሎ

ኦሊቃ ሞቶ የተገኘው በቴኳንዶ ማሠልጠኛው አዳራሽ፣ ላብ ለማውጣት የሚለበሰውን የላስቲክ ቱታ እንደለበሰ ነው። በማግስቱ ተመዝኖ ለዓለም አቀፍ ውድድር ሊበር ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ኦሊቃ ሲራገጥ የዝንብ ጫማ ያወልቃል ይባላል፤ ዝንብ ጫማ የላትም የሚል ካለ፣ ኦሊቃ ቀድሞ አውልቆባት ነው።

እኅቱ ሌንሳ አላለቀሰችም። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሜዳሊያዎቹ የማታውቀው ሰው ንብረት መሰሏት። ወንድሟ «ውሃ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ» ብሎ አስምሏት ነበር። ቀትር ላይ ለመናት፤ ከለከለችው።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ገላኔ ናት። ውሸታም ከሞጆ ሲነሳ አዳማ ሆና ታስነጥሳለች ይሏታል። ሌንሳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ሐኪሙ ሙቀትና ጥማት ገደለው እንዳለም ሰምታለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለች በመጨረሻ።

ገላኔ ወደ አሠልጣኙ ወደ ማስተር ታጠቅ ዞረች። ታጠቅ ጠዋት በአዳራሹ ሚዛን ኦሊቃንና ተጠባባቂውን መርጋን መመዘኑን ተናገረ። ለውድድሩ ከሃምሳ ስምንት ኪሎ ማለፍ የለባቸውም፤ ሁለቱም ሃምሳ ዘጠኝ ሆኑ። ኦሊቃ ኪሎው ካልወረደለት በእሱ ቦታ መርጋ ይሄዳል።

መርጋ ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። «እኔን ተዉኝ። ቀትር ላይ ጥብስ ቤት ነበርኩ፤ አስተናጋጁን ጠይቁት።»

«ምን በላህ?»

«ሸክላ ጥብስ። ከነእንጀራው፣ ከነለስላሳው።»

«ጠገብክ?»

«በደንብ።»

ገላኔ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ያልተከፈተ የወንጂ ስኳር፣ ሃምሳ ኪሎ፣ አስመጥታ ሦስቱም ባሉበት ሚዛኑ ላይ አስጫነችው። መርፌው ሃምሳ ሁለት ላይ ቆመ።

ታጠቅ ጎንበስ ብሎ አየ። «ከሥሩ ያለችው ማስተካከያ ዞራለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ማስተር፣ ተጠባባቂም ነገ ይመዘናል አይደል?»

«ይመዘናል።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ይህ ሚዛን ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ያመነው ሰው የላስቲክ ቱታ ለብሶ ሮጠ፣ ውሃም ተከለከለ። መርጋም ጠዋት አንድ ኪሎ አልፈሃል ተብሏል። ኪሎ የሚቀንስ ልጅ በመመዘኛው ዋዜማ ምራቁን እንኳ አይውጥም። ይህኛው ግን ጥብስ በላ። ሚዛኑ እንደሚዋሽ ካላወቀ በምን አንጀቱ?»

«ተስፋ ቆርጬ ነው» አለ መርጋ።

«ተስፋ የቆረጠ ሰው ፓስፖርቱን በኪሱ ይዞ አይዞርም።»

መርጋ ሳያውቀው እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቁጭ አለ። ማስተካከያዋን ያዞርኩት ኦሊቃ አልችልም ብሎ ይተወዋል ብዬ ነው እንጂ ይሞታል ብዬ አልነበረም አለ።

ገላኔ ሌንሳ አጠገብ ቆመች። «ሌንሳኮ፣ አንቺ ቃሉን ነው የጠበቅሽው። የገደለው ሌላ ነው።»

«ጠዋት ስንት ነበር ማለት ነው?»

«ሃምሳ ሰባት።»

«መቀነሱን ጨርሶ ነበራ።»

ሌንሳ እንባ እስኪመጣላት ጠበቀች፤ አልመጣም። አመሻሹ ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ሬሳውን ለማንሳት የሰፈር ወንዶች ተሰበሰቡ። አራቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉ።

«ሁለት ሰው ይበቃል» አለቻቸው።