የሀብታሙን ስም ይዞ ወደ ግሸን

ከውርጌሳ በላይ ያለውን ዳገት ገና ሳያጋምሱ ዝናቡ ወረደባቸው። መስከረም ሃያ ላይ እንዲህ ይወርዳል ብሎ ማን ጠረጠረ! ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄዱት ሦስት ናቸው፤ ወንድሙ የሚባል የወልድያ መካኒክ፣ ጉልበታቸውን እያሹ የሚወጡት እትዬ ገነት፣ ከመርሳ የመጣችው ሔዋን። ስንቅ የጫነች በቅሎ እየሳበ የሚመራቸው ኡበይደላ ሙስሊም ነው፤ ግን በየዓመቱ ተሳላሚ ሳያደርስ ቀርቶ አያውቅም።

ሔዋን ወደ ግሸን የምታደርሰው ስም ነው። ወንድሟ ሀብታሙ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሰሜን እንደወጣ ቀረ። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። እናቷ «ግሸን ላይ ስሙን አስጠሪልኝ» ብላ ላከቻት። ቄሶቹ ደግሞ ለጸሎት ስም ሲቀበሉ ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን ብለው ይጠይቃሉ። ሔዋን ለማንም አልተነፈሰችም እንጂ ቆርጣለች፤ ከሙታን ልታስገባው ነው። ናፍቆቱ አንጀቷን በላው። በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ሰለቻት። አንዴ አልቅሳ ቢወጣላትስ!

የሚሻገሩት ወንዝ ጋ ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል።

«እስኪጎድል እንጠብቅ» አለ ኡበይደላ።

«ንግሡ ያልፈናል እኮ!» አለች ሔዋን፤ ብላም አልቆመች፣ ገባች።

ወንድሙ ነጠላዋን አፈፍ አደረገ፤ ነጠላው እጁ ላይ ቀረ። ውሃው ጠልፎ ጣላት፣ አገላበጣት፣ ከመታጠፊያው በታች አንድ የሾላ ሥር ላይ ወረወራት። በሁለት እጇ ተጠምጥማ ተንጠለጠለች።

ወዲያው ከላይ የእትዬ ገነት ድምፅ መጣ። «ወይኔ ልጄን! ለእናትሽ ምን ብዬ ልንገራት!» ደረታቸውን ይደቃሉ። ወንድሙም ይንሰቀሰቃል። ጉድ እኮ ነው፤ ሔዋን የራሷን ለቅሶ ትሰማለች!

«አለሁ! ኧረ አልሞትኩም!» ብላ ጮኸች። ወንዙ ድምፅዋን ዋጠው። እንደገና ጮኸች። ለቅሶው ባሰ። ከውሃው ይልቅ ያ ለቅሶ አስፈራት፤ አልቅሰው ሲጨርሱ እኮ ትተዋት ይሄዳሉ።

ያላለቀሰ ኡበይደላ ብቻ ነው። እሾህ እየቧጠጠው የወንዙን ዳር ተከትሎ ወረደ። «ሔዋን! አንቺ ሔዋን!» እያለ ሲጣራ ደረሰባት። የበቅሎዋን ገመድ ወረወረላት፤ ወንድሙን ጠርቶ ጎትተው አወጧት።

ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «አንተ ለምን አላለቀስክም?» አለችው።

«ምን አይቼ ላልቅስ?» አለና ጋቢውን አለበሳት።

ውሃው ሲጎድል ተሻገሩ። ሲመሻሽ ጅብ በቅሎዋን አሽትቶ ገደሉን ይዞ ተከተላቸው፤ ወንድሙ በድንጋይ፣ እትዬ ገነት በእርግማን አባረሩት። በማግስቱ ወደ ተራራው አናት የሚያስገባው ጠባብ በር ላይ ጎረምሶች በክርናቸው እየገፉ ሊያስቀሯቸው ነበር። ሔዋን ግን እትዬ ገነትን ከፊቷ አድርጋ ሰውን ሰንጥቃ ገባች።

ቄሱ ጋ ወረፋዋ ደረሰ።

«ስመ ክርስትናው?»

«ገብረ ማርያም።»

«ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን?»

ውርጌሳ ላይ ሆና መልሱን አዘጋጅታ ነበር። አሁን አፏ እምቢ አለ። የሆነ ቦታ ተንጠልጥሎ አለሁ እያለ ቢሆንስ? ቄሱ ጠበቋት፤ ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ።

«ከሕያዋን» አለች።

ፈንጠር ብላ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ናፍቆቱ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ጠናባት። ብቻ አሁን እንዲለቃት አልፈለገችም።

ኔትወርክ ስታገኝ መርሳ ደወለች።

«እማዬ፣ ስሙን ከሕያዋን ጋር አስጠራሁት።»



«ታዲያ ከማን ጋር ልታስጠሪው ነበር?»