ከሰሉ የጠጣው

ውባለም የውሃ ማጣሪያ ጣቢያውን በር የምትከፍተው ፀሐይ ከግድቡ ማዶ ብቅ ስትል ነበር። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሐይቁ ላይ እንደ ቀለም የወፈረ አረንጓዴ አልጌ ተኝቶበታል፤ ከዳር የጠጡ ከብቶች እዚያው ወድቀው ቀርተዋል። የአልጌው መርዝ ውሃውን ቢያፈሉትም ስለማይጠፋ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት በእጇ እየዘገነች ውሃው ውስጥ ትበትን ነበር። ከሰሉ መርዙን ስቦ ይይዝና አብሮት ይዘቅጣል፤ ጥቁሩ ዝቃጭ ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ሲፈስ፣ ከተማው ንጹሑን ይጠጣል። ከሰል ግን መርጦ አይስብም፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል።

መጀመሪያ የተለወጠው ሽታው ነው። ዝቃጩ የረጠበ ከሰል መሽተቱን ትቶ ሰው ሰው ይሸት ጀመር፤ ላብ፣ የፀጉር ቅባት፣ ውባለም ከገዛ ሻርፗ ላይ የምታውቀው ዓይነት ጠረን። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ከጉድጓዱ በኩል የተኛ ሰው ትንፋሽ የሚመስል፣ ረጅምና እርጥብ፣ እሷ ትንፋሿን ስትውጥ አብሮ ጸጥ የሚል።

"ጋሽ ተመቸ፣ ይሰማዎታል?" አለቻቸው ዘበኛውን።

"ጭቃ ሲደርቅ ይተነፍሳል፣ ልጄ" አሉ ሽማግሌው፤ ወደዚያ ግን ዞር አላሉም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጉድጓዱን ባዶ ሆኖ አገኘችው። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ከአፋፉ ጀምሮ ጥቁር፣ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ ሲሚንቶውን ተከትሎ ወደ ንጹሑ ውሃ ገንዳ ይሄዳል። ክዳኑ ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ከጠራው ውሃ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ሰው ተኝቶበት የተነሳ የሚመስል ጥላሸት ታትሟል። ዱካው ከገንዳው ወጥቶ ወደ ዋናው በር ያመራል።

ፓምፑን አጥፍታ ወደ በሩ ሮጠች።

"ጋሽ ተመቸ! ማነው የወጣው?"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"ካንቺ በቀር ማንም አልወጣም" አሉ ቀስ ብለው።

እሷ ከንጋት ጀምሮ ከግቢው ንቅንቅ አላለችም። ቆማ ልትከራከራቸው አልደፈረችም፤ የጣቢያውን ስልክ አንስታ ቤቷ ደወለች። ትልቋ ልጇ አነሳችው።

"መክሊትዬ፣ እኔ ነኝ! ከቧንቧው አንዲት ጠብታ እንዳትጠጡ፤ ለወንድምሽም ንገሪው!"

ከወዲያ በኩል ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ይሰማል።

"እማዬማ እዚህ ከእኛ ጋር ናት" አለች መክሊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ውሃ እየቀዳችልን ነው።"