ሳይተነፍስ የተከፈተው ጉድጓድ

ማመን ያልፈለገ ይተወው፤ ነገሩ ግን ሆኗል። በ1966 ዓ.ም. ግንቦት፣ ቆቦ ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በስድስት ሰዓት።

ከማሉዲን የካይሮ ትምህርቱን ጥሎ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ለምን እንደመጣ ራሱም አያውቅም ነበር። አሁን ግን አወቀ።

እህቱ ሰይዳ ከተኛችበት ቀና ማለት አቅቷታል። ዛሬ እህል ካልቀመሰች አታድርም።

ባሏ ታሂር ሹክ አለው።

"ባላባቱ ግቢ ውስጥ ያልተከፈተ የማሽላ ጉድጓድ አለ። እኔው ነኝ የቆፈርኩት።"

ባላባቱ አዲስ አበባ ሄዶ ከቀረ ወዲህ፣ ያ የጥንት ግቢ አጥሩ ተነሥቶ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። ሁለቱ ገቡ። ከድሮው በር እስከ ጉድጓዱ አጭር መንገድ ነው፤ በሎሚ ዛፎች መሀል።

ውጭ አስፋልቱ ዳር ረሃብተኛው በጠራራ ፀሐይ ተኝቷል። እዚህ ጥላው ሞልቶ...

አንድም ሰው የለም።

"ለምን እዚህ አይጠለሉም?" አለ ከማሉዲን።

"ዝም ብለህ ሂድ።"

ዝንብ እንኳ የለም። ያን ሰሞን ዝንብ የሌለበት ቦታ አልነበረም።

አፈሩን ጠርገው የጉድጓዱን ክዳን ድንጋይ አነሡ። ትኩስ፣ ከባድ ሽታ ወጣ።

"ሳይተነፍስ እንዳትገባ፤ የታፈነው አየር ይገላል" አለ ታሂር። "ጭድ ላምጣና በእሳት እንፈትነው።"

"እስኪተነፍስ ሰይዳ ትሞታለች!"

"አንተ ተማሪ፣ ባሕር ተሻግረህ ተምረህ ማሽላ ውስጥ ልትሞት ነው? አብሽር፣ መጣሁ።"

ከማሉዲን ለማሽላው ያመጡትን ቁና በገመድ አስሮ ብቻውን ቀረ።

ከታች...

"ከማሉ... ቁናውን አውርድ።"

የታሂር ድምፅ ነው። ሌላ መግቢያ ይኖረዋል ብሎ አሰበ። የተማረ ሰው ለሁሉም ምክንያት አያጣም።

አወረደ። ገመዱ ነቅነቅ አለ። ሳበው።

ሙሉ ማሽላ!

ነጠላው ላይ ገለበጠና "ጨምር!" ብሎ ቁናውን መልሶ አወረደው።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

ታሂር ከኋላው ቆሟል። ጭድ ታቅፎ።



ታሂር ጭዱን ለኩሶ ወደ ጉድጓዱ ጣለው። እሳቱ ገና አፉ ላይ ድርግም አለ።

"እዚህ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይቆይም..." አለ በሹክሹክታ። "አዑዙ ቢላህ! ገመዱን ልቀቅ!"

ገመዱ ነቅነቅ አለ።

"ሳብ... ሰይዳ እየጠበቀች ነው" አለ ድምፁ ከታች።

ታሂር ማሽላውን አየው። ቢስሚላህ ብሎ ነጠላውን ጠቀለለ።

"ለእሷ ነው" አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። ወደ ቤት ሮጠ።

ከማሉዲን አልለቀቀም። የዛሬው ለዛሬ ነው፤ ነገስ?

ሳበ። ይሄኛው ቀላል ነበር... ከስር የሚገፋው ያለ ይመስል።

ቁናው ሞልቶ ብቅ አለ። ከስሩ ሁለት የከሱ እጆች ደግፈውታል። የእነሱን ክንድ ሌሎች እጆች ይዘዋል። የእነዚያንም ሌሎች... እስከ ጨለማው ድረስ።

ቁናውን ተቀበላቸው። እጆቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ተመለሱ።

አንዱ ብቻ ቀረ። ፀሐዩ ላይ መዳፉን ዘርግቶ የሚይዘውን እጅ ይጠብቃል።