አልነሳ ያለው የእንጨት ኮምፒውተር

ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ከቅጥነቱ የተነሳ ዝናብ ሲዘንብ በጠብታዎቹ መሀል ሾልኮ፣ ሳይርስ ቤቱ ይገባል ይባላል። ወሬውን የነዛው ራሱ ነው። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ከሚጠግነው ግን የሚያወራው ይበልጣል። ሦስት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ሬዲዮ አውጥቼ ብከፍተው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያቋረጠውን ዜና ካቆመበት ቀጠለ ብሎ ምሎ ተገዝቷል።

ሰኞ ጠዋት ወደ አናጢው ቤት የተጠራው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

አናጢው በሩን ሲከፍትለት ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። «ና ግባ። ልጄ እቤት ውስጥ ጦርነት ከፍታለች» አለው።

የአናጢው ልጅ የቤት ፕላን ነዳፊ ናት። ዕቃውን አንድ በአንድ ለቅማ ገዝታ፣ ኮምፒውተር በገዛ እጇ ገጣጥማለች። ሣጥኑን አባቷ ከቁም ሣጥን በተረፈ ጣውላ ሠርቶላታል፤ ለማያውቀው ሰው ጫማ ማስቀመጫ ይመስላል። ሽቦ ሲገባ፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ካቻቢቴ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነበር።

«እስቲ ይሄ አሁን ምን ማለት ነው?» አለች ዞር ሳትል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ አለች፦ መነሻ ዲስክ አልተገኘም። «ዲስኩ ይኸው! በእጄ የገጠምኩት! ዓይን የለውም?»

ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ሽቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወራው ጠፋው።

«ምነው ዝም አልክ? ምላሴ አልተገኘም ልትል ነው?»

«ኧረ... ተገኝቷል» አለ።

«እንግዲያው ፍጠን። እስከ ዓርብ ሦስት ፕላን ነድፌ ከላክሁ፣ ድርጅቱ እቤቴ ሆኜ እንድሠራ ይቀጥረኛል። ካልሆነ ቅዳሜ አክስቴ መኪና ልካ ሌላ ከተማ ትወስደኛለች። ሱቋ ውስጥ ልታስቀምጠኝ። አባዬም እሺ ብሏታል።»

«ብያለሁ» አለ አናጢው ከበሩ።

የዲስኩ ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ የሞተ ነበር። ሽቦ ገመዱን ነቅሎ ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ሰካው፤ ማሽኑ ብድግ አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። የቀረበለት ሻይ ገና ምላስ ያቃጥላል።

ሰይጣን ጆሮው ሥር የተቀመጠው ይሄኔ ነው። ሥራው ካለቀ ነገ በምን አሳቦ ይመጣል? ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ሲገጥም፣ ገመዷን በጥፍሩ የሩዝ ፍሬ ታህል ሳብ አደረጋት። «እስከ ዓርብ ስንት ቀን አለ! ግማሽ ቀን ብሰርቅ ማን ይሞታል?» አለ በልቡ።

ማክሰኞ ተጠራ። የሚሠራውን እያወቀ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

«አንድ ዲስክ ነበር» አላት ሣጥኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ፤ «ኩርፊያው! ካልዘፈኑለት አይነሳም።»

«እና ምን አደረግህ?»

«ዘፈንኩለት።»

«ተነሳ?»

«ወዲያው ነዋ። እኔን ለማስቆም።»

ልጅቱ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሽቦ ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቀ። ገመዷን ገፋ አደረጋት፣ ማሽኑም ተነሳ። ክዳኑን ሲገጥም እንደገና ሳብ አደረጋት። ልጅቱ አቀርቅራ እርሳስ ትቀርጽ ነበርና አላየችኝም ብሎ ሄደ።

ረቡዕ እያፏጨ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ወደ ገመዷ ሰደደ። ገመዷ ጥብቅ ብላለች!

ማሽኑን አበራ። መነሻ ዲስክ አልተገኘም።

ነቀለ፣ ሰካ። በሌላ ገመድ ቀየረ። አልተገኘም። ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሳ የሚታዘዝበትን ገጽ ልክፈት ሲል የይለፍ ቃል ጠየቀው።

«ይሄ የይለፍ ቃል ከየት መጣ? ሌላ ሰው ነካክቶታል እንዴ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ» አለች ልጅቱ። «እኔ ምን አውቄ? ባለሙያው አንተ።»

ሐሙስ ሱቁን ተሸክሞት መጣ ማለት ይቀላል። ሌላ ዲስክ፣ ከዚያም ሌላ፣ አንድ እቅፍ ገመድ፣ የኃይል ማደያ ሳይቀር አምጥቶ ሞከረ። ማሽኑ አንድ ቃል ይዟል፤ አልተገኘም። የቀረው ዘዴ ማሽኑ የይለፍ ቃሉን እንዲረሳ ትንሿን ክብ ባትሪ መንቀል ነበር። እሷ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ጣውላ ተጋድሞባታል። ሰኞ ይህን ጣውላ ማየቱ ትዝ አይለውም።

«ጋሼ፣ ይቺን እንጨት ብንነቅላት?»

«በሙጫ ነው የገጠምኳት። ቤቱ ይፈርሳል እንጂ እሷ አትነቀልም» አለ አናጢው፤ ምርር ብሎታል። «እኔ ቁም ሣጥን ስሠራ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ! ‹በር አልተገኘም› ብሎ የጻፈብኝ ቁም ሣጥን እስከ ዛሬ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄ ጉደኛ ግን የያዘውን ዲስክ አላየሁም ይላል!»

ልጅቱ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ታጣጥፋለች። አንድ ሹራብ ባስቀመጠች ቁጥር ሽቦ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ይመስለው ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት ሻንጣው ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ሽቦ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መምጣቱን እንኳ አላወቀም። ማሽኑን አበራ። ነጯ መስመር ዓይኑ ላይ ተሰካች። ካቻቢቴውን ወለሉ ላይ ጣለው።

«ጋሼ፣ በዚያ መዶሻ ሊመቱኝ ይችላሉ፤ ግን ይስሙኝ። ሰኞ ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞም እኔ ነኝ። ከልጅዎ ሁለት ቀን ሰርቄያለሁ። ከረቡዕ ወዲህ ያለውን ግን አላውቅም። አላውቅም! በሕይወቴ አላውቅም ብዬ አላውቅም።»

አናጢው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መዶሻ አየት አደረገ። «ምን ፈልገህ?»

«ለሻይ ብዬ... ነገም እንድመጣ ብዬ።»

«እቤትህ ሻይ የለም?»

«ሻይማ አለ። እሷ ናት የሌለችው።»

ልጅቱ ተነሳች፤ ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ የይለፍ ቃሉን ጻፈች፤ አንዲት መስመር ቀየረች። ማሽኑ ብድግ አለ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፕላኖች፣ ከነበሮቻቸው ከነመስኮቶቻቸው ተደረደሩ።

ሽቦ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ማክሰኞ ገመዷን ስትስብ አይቼሃለሁ» አለችው። «ይሄን ማሽን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ፤ የገመዷ ቦታ ይጠፋኛል? አንተ ልትመጣ ስትል ለማሽኑ ዲስኩን አትይ እለውና እቆልፈዋለሁ። ስትሄድ ከፍቼ እሠራለሁ። ፕላኖቹን ዛሬ ጠዋት ልኬያቸዋለሁ።»

«የአክስትሽ መኪናስ?»

«እንዳትልኪ ብያታለሁ።»

«ሻንጣውስ?»

«የክረምት ልብሶቼ ናቸው። ሙቀቱን አላየህም?»

ሽቦ ዞር ብሎ አናጢውን አየ። «ጋሼ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ያቺን ጣውላ ሐሙስ ጠዋት ነው የለጠፍኳት» አለ አናጢው። «አንተ ከእኔ ቤት ሁለት ቀን ሰርቀህ፣ እኔ አንድ ጣውላ አልለጥፍም?»

ልጅቱ አሁን ትንሽ ቀረብ ብላለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንተ ቀድመህ እውነቱን ታወጣ እንደሆነ እያየሁ ነበር። እስከ ዛሬ ማታ ነበር የምጠብቅህ።»

«ባልናገር ኖሮስ?»

«ማሽኑን አስነሳው ነበር። አንተን ግን ዳግመኛ አልጠራህም ነበር።»

ቀና ብሎ አያት። ያየችው በሰኞው ዓይኗ ነው፤ ቁጣው ብቻ የለበትም። «ሸሚዝህን ገልብጠኸዋል» አለችውና ሳቋ ፈነዳ።

በዓመቱ ተጋቡ። የአናጢው ስጦታ አልጋ ነበር፤ ያለ ሚስማር፣ ያለ ሙጫ የተሠራ፣ ሰባት ጎረምሳ ቢዘልበት ሲጥ የማይል፤ ሽቦ እንደሚለውማ ዝሆን ተኝቶበታል።

ሣጥኑ ዛሬም ሳሎናቸው ጥግ ቆሟል። ሲበራ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሽቦ ቀይሪልኝ ብሎ ያልለመናት ቀን የለም፤ «ስትታረም እቀይረዋለሁ» ትለዋለች። ስለዚህ በየጠዋቱ እያጉረመረመ ይቀመጥና፣ በገዛ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል «ቀጣፊ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ ማሽኑም ይነሳል፣ ሻዩም ይቀርባል።