የዳክሻ ጨው አልባ ጾም

ዳክሻ ስምንት ዓመቷ ነው። የምትኖረው በህንድ አገር በጉጅራት፣ ጥጥ በሚበቅልባት አንዲት መንደር፣ ከአክስቷ ከጃሱ ጋር ነው። አባቷ በሕይወት የለም። እናቷ ሱራት ከተማ ሄዳ ሳሪ በሚባለው የሴቶች ልብስ ላይ ዶቃ ትሰፋለች። ወደ ቤት የምትመጣው ለበዓል ብቻ ነው።

ልጆች፣ እናት ስትርቅ ቤት ምን እንደሚመስል ከመካከላችሁ የምታውቁ አላችሁ።

ዝናብ ሲገባ የመንደሩ ልጃገረዶች የእናት አምላካችንን የጋውሪን ጾም ያዙ። ጾሙ እስኪፈታ ጨው አይቀመስም። እያንዳንዷ ልጅ በቅርጫት ስንዴ ዘርታ ጠዋት ጠዋት ውሃ ታጠጣለች፤ የልቧንም ለጋውሪ ትነግራለች።

«እኔ ጥሩ ባል ነው የምለምነው» አለች የአክስቷ ልጅ ቢና። «ሀብታም፣ ደግሞ የማያንኮራፋ።»

«እኔ እማዬ ትምጣልኝ ነው የምለው» አለች ዳክሻ።

«ለእሱማ ስልክ ይበቃል» ብላ ቢና ሳቀችባት።

ዳክሻ አልሳቀችም። በልቧ «ጨው ካልቀመስኩ ትመጣለች» አለች። ቂጣዋን በወተት እየነከረች ያለ ማጉረምረም በላች።

አንድ ቀን አክስቷና ቢና ማሳ ሲወርዱ ቤቱ ጭር አለባት። ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ከመሄዷ በፊት በጨውና በቅመም የዘፈዘፈችው ማንጎ በማሰሮ ተቀምጧል። ክዳኑን አነሳች። ሽታው ልክ የእናቷ እጅ ሽታ ነበር። ማሽተት ብቻ ነበር ያሰበችው። ጣቷን ነክራ ላሰች። ከዚያ አንድ ቁራጭ በላች። ደገመችም። አፏን ጠርጋ ክዳኑን መለሰች። ማንም አላያትም።

በማግስቱ እናቷ ደወለች። «ፈቃድ ከለከሉኝ፣ የኔ ልጅ። ጾሙ ሲፈታ ለሚከበረው በዓል አልመጣም።»

ዳክሻ ስልኩን ለአክስቷ ሰጥታ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጃሱ ተከትላት ስትወጣ ዳክሻ የስንዴ ቅርጫቷ አጠገብ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«አክስቴ፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ከእማዬ ማንጎ በልቻለሁ።»

ጃሱ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ጋውሪ ባለሱቅ መሰለችሽ እንዴ? ይህን ያህል ጾምሽ፣ ይህን ያህል ልስጥሽ የምትል? እናትሽን ያስቀሯት አሠሪዎቿ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን እንጾማለን?»

አክስቷ እንባዋን ጠረገችላት። «ምላስሽ ያማረውን ሁሉ ከሰጠሽው፣ ልብሽ የሚለውን አትሰሚም። ለመሆኑ የናፈቀሽ ማንጎው ነው?»

«አይደለም።»

«በይ እሱን ለጋውሪ ንገሪያት። ጾሙንም ካቋረጥሽበት ቀጥዪ።»

ማታ ቂጣዋን ስትበላ ልቧ እንደገና ወደ ጓዳ ጎተታት። አልሄደችም። ዓይኗን ጨፍና «እናቴ ጋውሪ፣ እማዬ ናፍቃኛለች። ባለችበት ጠብቂልኝ» አለች። ናፍቆቱ አልጠፋም። ግን ብቻዋን እንደሆነች አልተሰማትም።

ጾሙ ሲፈታ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ጾሜን ሰብሬ ነበር። ማንጎውን በላሁት።»

የእናቷ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «እኔም እኮ ካንቺ ጋር ጨው ሳልቀምስ ነው የሰነበትኩት። ቂጣዬን ስቆርስ ‹አሁን ዳክሻዬም እየበላች ነው› እላለሁ። ያኔ አጠገቤ ትሆኛለሽ።»

ዳክሻ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ልጆቼ፣ ጾም የምንፈልገውን ከአምላክ የምንገዛበት ዋጋ ሳይሆን፣ ናፍቆታችንን ሳንደብቅ ይዘን ወደ እሱ የምንቀርብበት መንገድ ነው።