ቀይ ክዳን፣ ጥቁር ክዳን

«ልጁ ማን ነው?» አለች እናቷ።

«የትኛው ልጅ?»

«እኔን አታሞኚኝ! ከአልጋሽ ሥር ያገኘሁትን ቦርሳ ነው የምልሽ። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ብስኩት፣ የእጅ ባትሪ፣ የልደት ወረቀትሽ ሳይቀር! ሰው የልደት ወረቀቱን ይዞ ከቤት የሚጠፋው ለመጋባት ካልሆነ ለምንድን ነው?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ግን እናቷ መቀስ ይዛ ስለነበር ዋጠችው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስትናደድ መቀሱን ሳታስቀምጥ ነው የምትናገረው፤ ደንበኞቿም ይህን ስለሚያውቁ ብዙ አይከራከሯትም።

«እማዬ ሙች፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦርሳ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እሱን አንጠልጥሎ ወደ ኮረብታው መሮጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማግዛት ዶክተር ሁላችሁም አዘጋጁ ብላናለች።»

እናቷ ቦርሳውን እንደገና ከፈተችው። ብስኩቱን አንድ በአንድ ቆጠረችና ቀና አለች። «ታዲያ ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው? የኔ ብስኩት የታለ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን «እጨምራለሁ» ብላ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። ከቀትር በኋላ ያየችውን ነገር ምክንያት ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የሰፈሩ ልጆች «ጭቃ ሹም» ይሏታል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ፣ ሳቂታ ከምትባለው ጓደኛዋ ጋር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕሩ ዳር ወዳለው ረግረግ ወርዳ ዶክተሯን ጭቃ በማውጣት ታግዛለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ወርቁ ተገኘ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ዶክተሯ የምትፈልገው ግን ወርቅ አልነበረም። የምታጠናው ትልልቆቹን የመሬት መንቀጥቀጦች ነው። የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር እየገባ ነው ትላለች፤ በዓመት የእጅ ጥፍር የሚያድገውን ያህል፣ ቀስ እያለ።

«ማንኪያ ተሰንቅሮበት እምቢ ያለ መሳቢያ ታውቃላችሁ አይደል?» ብላቸው ነበር በመጀመሪያው ቀን። «ትስቡታላችሁ፣ ትስቡታላችሁ፣ ወይ ፍንክች። ከዚያ በድንገት ካለው ማንኪያ ሁሉ ጋር እግራችሁ ላይ ይወርዳል። ይህኛው መሳቢያ ግን ተጣብቆ የሚቆየው በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ነው።»

ያ መሳቢያ ሲላቀቅ ዳርቻው ዝቅ ይላል፤ ባሕሩ ይወጣል፤ ሲመለስም በሣሩ ላይ አሸዋ አንጥፎ ይሄዳል። በአሸዋው ላይ ዓመት ከዓመት ጭቃ ይተኛል። ማንም ቁጭ ብሎ ያልጻፈውን ጭቃው ይዞት ይኖራል ማለት ነው። የአሸዋውን ንጣፎች የቆጠረ ባሕሩ ስንቴ እንደወጣ ያውቃል፤ ያንን ያወቀ ደግሞ በየስንት ዘመኑ እንደሚመጣ ይገምታል።

ጭቃው የሚወጣው በፕላስቲክ ቱቦ፣ ግማሽ ግማሽ ሜትር እየሆነ ነው። ቱቦው ከጉድጓዱ እንደወጣ በላይኛው ጫፉ ቀይ ክዳን፣ በታችኛው ጥቁር ክዳን ይደረግለታል። «ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ» ትላለች ዶክተሯ። «ላይና ታቹ የጠፋበት ጭቃ፣ ጭቃ ብቻ ነው።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሰባተኛውን ጉድጓድ የቆፈሩ ቀን ዶፍ ወረደ። ሦስተኛው ቱቦ እንደወጣ የሳቂታ ቦት ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረና ሳቂታ በካልሲ ቆማ እንደ ቆማጣ ዶሮ ስትንገዳገድ፣ ጭቃ ሹም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስትመለስ ቱቦው ከነበረበት ተንከባሏል። አንዱም ጫፍ ጭቃ፣ ሌላውም ጫፍ ጭቃ። ዶክተሯ «ቶሎ በሉ!» እያለች ትጣራለች። ጭቃ ሹም ትንሽ አሰበችና ቀዩን ክዳን ደስ ባላት በኩል ገጠመችው።

ይኸው ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥታ የዶክተሯ ቤተ ሙከራ ስትደርስ፣ ዶክተሯ ለነገው የከተማው ስብሰባ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። በስድስቱ ጉድጓዶች፣ በሦስተኛው ቱቦ ውስጥ፣ አሸዋው ያለው ከቀዩ ክዳን በአሥር ሴንቲሜትር ላይ ነው። በሰባተኛው ጉድጓድ ግን በአርባ። ዶክተሯ ይህን ለብቻው የመጣ ሌላ ማዕበል ነው ብላ ከቀድሞዎቹ አራት ጋር ደምራ ከሰንጠረዡ በታች በቀይ እስክሪፕቶ ጽፋለች፦ «አምስት ጊዜ»። ከዚያም በታች፣ በትናንሹ፣ የሁለቱ ልጆች ስም ነበር።

የቱቦው ርዝመት ሃምሳ ነው። ከሃምሳ አርባ ሲነሳ አሥር። ለዚህ ስሌት የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም። ጭቃ ሹም የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ወደ ማታ ሳቂታ ወደ አጥሩ ስትመጣ ሁሉንም ነገረቻት። ሳቂታ ለአንድ አፍታ ሳትስቅ ቆየች፤ ይህ ራሱ ያስደነግጥ ነበር።

«አቦ አታካብጂ! ምናልባት በትክክል ገጥመሽው ይሆናል።»

«ምናልባት ላይሆን ይችላላ።»

«እሺ ተገልብጧል እንበል። አራት የነበረው አምስት ሆነ። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሰዉ ትንሽ ይፈራል፣ ይጠነቀቃል። መፍራት ማንን ገደለ? ብትናገሪ ግን መርከቡን እርሺው።»

መርከቡ! በሚቀጥለው ወር ዶክተሯ የባሕሩን ወለል እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ልታወርድ ስትወጣ፣ ከሁለቱ አንዷን ይዛ እንደምትሄድ ቃል ገብታለች። ጭቃ ሹም ይህን ካሰበች ቆይታለች፤ መርከብ ላይ የምትለብሰውን ሹራብ እንኳን መርጣለች።

«ደግሞ» አለች ሳቂታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያሳቅኩሽ እኔ ነኝ። የኔንም ስም ታነሻለሽ?»

«አላነሳም።»

«የምር?»

«የምር። ሂጂ አሁን።»

እራት ላይ አጎቷ መጣ። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ስለሆነ እጁ ምንም ቢታጠብ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እናቷ የቦርሳውን ነገር አንስታ «አንተስ አዘጋጅተሃል ወይ?» አለችው።

«እኔ? አልሞኝም!» አለ አጎቷ። «በወጣትነቴ ባሕር መጣ ብለው ጥሩምባ ነፉ። ኮረብታው ላይ በካናቴራ አደርን፣ ምንም የለም። ሁለተኛ ነፉ፣ ደግመን ሮጥን። ሦስተኛ ነፉ፣ ግማሹ ሰው ቀረ። ነገሩ ኋላ ሲጣራ የባሕሩን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ተሳስቶ ነው ተባለ። አሁን ጥሩምባ ቢነፉ የሰፈሩ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኔም ሻዬን ሳልጨርስ አልነሳም።»

«አራተኛው እውነት ቢሆንስ?» አለች ጭቃ ሹም።

አጎቷ ትንሽ አሰበ። «ያኔ ሻዬ ጨው ጨው ይላል።»

እናቷ ሳቀች። ጭቃ ሹም ግን የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ቤተ ሙከራው በር ላይ ደረሰች። ሁለት ጊዜ ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ ሁለት ጊዜ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ማሰሪያው መጀመሪያም አልላላም ነበር። በሦስተኛው አንኳኳች።

ዶክተሯ ወንበር ላይ ቆማ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። ከንፈሮቿ መሃል ሦስት እስፒል ይዛለች።

«እንኳን መጣሽ፣ ያንን ጥግ ያዢልኝ።»

ልጅቷ ጥጉን ያዘች።

«ዶክተር፣ ሰባተኛው ጉድጓድ... ሦስተኛው ቱቦ...»

«እ?»

«ክዳኑን የገጠምኩት በግምት ነው።»

ዶክተሯ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «በምን?»

«በግምት። ቱቦው ተንከባሎ ነበር፤ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ አላወቅኩም። ያኔ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። አልነገርኩም።»

«ከማን ጋር ነበርሽ?»

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ዶክተሯ ከወንበሩ ወረደች። አልተቆጣችም፤ መቆጣት ይሻል ነበር። ማቀዝቀዣውን ከፍታ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀውን ቱቦ አወጣችና መብራቱ ሥር አስቀመጠችው፤ ከኪሷም ማጉያ መነጽር አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

«አሸዋ የያዘ ውኃ ሲረጋ ቀድሞ የሚቀመጠው የቱ ነው?»

«ከባዱ። ሻካራው።»

«እንግዲያው ሻካራው ከታች፣ ልሙ ከላይ መሆን አለበት። ተመልከቺ።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። የአሸዋው ቅንጣቶች በመነጽሩ ውስጥ እንደ ጠጠር ገዘፉ። ከጥቁሩ ክዳን ጀምራ ወደ ቀዩ አየች፤ ከዚያ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ። እንደገና አየች። የዓይኗን ስህተት ለማግኘት ብዙ ደከመች።

«ሻካራው በቀዩ በኩል ነው» አለች በመጨረሻ።

ዶክተሯ ራሷም አየች። ከዚያ ቀዩን ክዳን ነቀለች፣ ጥቁሩንም ነቀለች፣ ቦታ አቀያየረቻቸው። ወደ ግድግዳው ሄዳ «አምስት» በሚለው ላይ ረጅም መስመር አሰመረች። ከታች ያለውን የሁለቱን ስም ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እስክሪፕቶው ግን አልነካውም።

ከዚያ እስክሪፕቶውን ለልጅቷ ዘረጋችላት። ልጅቷ ተቀብላ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ከተሰረዘው ቃል አጠገብ ባዶ ቦታ ፈለገች።

«አራት ብዬ ልጻፍ?»

«ቆይ እስቲ» አለች ዶክተሯ፣ የመነጽሩን መስታወት በካፖርቷ ጫፍ እየወለወለች። «መጀመሪያ ሌሎቹንም እናጣራለን። የቀሩትን የስድስቱን ጉድጓዶች ቱቦዎችስ የከደነው ማን ነበር?»